ከግራዝማች ፎቶ ሥር የተደበቀችው አዝራር

ተረት ልጀምር ነው፤ በረቱን ዝጉ፣ ጆሯችሁን ክፈቱ። አንተ እግርህን ሰብስብ። አንቺም ያን ስልክ አስቀምጪው፤ ዛሬ የምንጫወተው ስለ እሱው ነውና ስሙ ሲነሳ ዝም ብሎ ይስማ።

በአንዲት ነፋሻ ከተማ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ዋንዛ ሥር የሚባል ሰፈር ነበረ። በዚያ ሰፈር ምንትዋብ የምትባል ልጅ ነበረች። ሥራዋ ምን ነበር ብትሉ፣ ማየት ነበር። አትሳቁ! ሰፈሩም እንደናንተው ይስቅ ነበር።

«ምንትዋብ ምን ትሠራለች?»

«ታያለች።»

«አይታስ?»

«ጠማማ ነው ትላለች።»

«ይሄማ የአማቴም ሥራ ነው!» ይባባሉ ነበር።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ሰዎች ድረ ገጽ የሚሉትን ነገር ይሠራሉ። ድረ ገጹን እንደ ቤት ቁጠሩት። ቤቱን የምናይበት ደግሞ ብራውዘር የሚሉት አለ፤ እኔ መስኮት ነው የምለው። የአንዱ ስልክ መስኮት ሰፊ ነው፣ የሌላው ጠባብ፣ የአንዱ አዲስ፣ የሌላው ያረጀ። ቤቱ አንድ ነው፤ በዚህ መስኮት ስታዩት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በዚያኛው ስታዩት በሩ ጣራው ላይ ወጥቷል። ምንትዋብ ታዲያ አንድ ዘምቢል ሙሉ ስልክ ነበራት። አዲስ አለ፣ አሮጌ አለ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ አለ፣ ጀርባው እንዳይወድቅ በላስቲክ የታሰረ አለ። ሩቅ ከተማ ያሉ ሰዎች ገጽ ሲሠሩ፣ እሷ በየስልኩ እየከፈተች «እዚህ ጠሟል፣ እዚያ ተደብቋል» ብላ ትነግራቸዋለች። እንጀራዋ ይሄው ነበር።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ጎረቤቷ ዘርፌ በሯን በርግዳ ገባች። ዘርፌ ብቻዋን ያሳደገቻትን አንዲት ልጇን፣ ጽጌን፣ ለዳግማ ትንሣኤ እሑድ ልትድር ነው። ጊዜው በልግ ነው፤ ሰማዩ ጠዋት ይስቃል፣ ከሰዓት ያለቅሳል። የዘርፌ ግቢ ደግሞ ከሰማይ በቀር ጣራ የለውም።

«ምንትዬ፣ ድንኳን አጣሁ!» አለች፣ አፏን ይዛ።

«እትዬ ዘርፌ፣ የእድሩ ድንኳንስ?»

«እሱን እኮ ነው ያጣሁት!»

እዚህ ላይ ልብ አድርጉልኝ። የዋንዛ ሥር እድር አንድ ትልቅ ድንኳን አለው፤ ለሰርግም ለለቅሶም የሚተከለው እሱ ነው። አንድ ሰሞን ድንኳኑን ለሁለት ቤት በአንድ ቀን በአፍ ቃል ሰጡና ሁለቱ ቤት ካስማ ሲጓተቱ ዋሉ። እድሩ ተሰብስቦ «ከእንግዲህ በአፍ የለም!» አለ። ድረ ገጽ አሠሩ። ድንኳን የፈለገ አባል በገዛ ስልኩ ገጹን ይከፍታል። ታች «ድንኳን እፈልጋለሁ» የምትል አንዲት ቀይ አዝራር አለች። እሷን ሲጫናት የመጋዘን ጠባቂው የጋሽ ድንቁ ስልክ ይጮኻል፤ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን ይከፍታሉ። ዓርብ ጀምበር እስክትጠልቅ ማንም ያልተጫናት እንደሆነ ግን፣ ድንኳኑ ለዚያ ሳምንት ለወንዝ ማዶ እድር በውሰት ይሄዳል። ደንቡ ይሄ ነው።

ምንትዋብ ዘምቢሏን አንጠለጠለች፣ ዘርፌ ነጠላዋን አጣፋች፣ ወደ መጋዘኑ ወረዱ። ጋሽ ድንቁ በሩ ፊት ተቀምጠው፣ ቁልፉን በአንገታቸው አስረው አገኟቸው።

«ጋሽ ድንቁ፣ እባክዎ ይክፈቱላት፤ ልጅ ልትድር ነው» አለች ምንትዋብ።

«መቼ ጠላሁ? ስልኬ ይጩህና ልክፈት።»

«ይኸው እሷ ራሷ ቆማ እየጮኸች!»

«እሷማ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጮህ አውቃታለሁ» አሉ ጋሽ ድንቁ። «ስልኬ ነው ያልጮኸው። ያን ጊዜ በአፍ ሰጥቼ፣ ካስማ ሲወራወሩ ማንን ነው ያገኘው? ይኸው!» ብለው ግንባራቸውን አሳዩ።

«በእኔ ስልክ ልጫንላት?»

«ገጹ የሚያውቀው የአባሉን ስልክ ነው፣ ልጄ። በሰው ስልክ የመጣበትን እንደ ደጅ ውሻ ጮሆ ይመልሳል።»

ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም። ምን ይሻላል?

ከዋንዛው ሥር ተቀመጡና ምንትዋብ የዘርፌን ስልክ ተቀብላ ገጹን ከፈተችው። ጺም። ወደ ታች ሳበችው። ጺም። ወደ ጎን ገፋችው። አሁንም ጺም።

«ይሄ የማን ጺም ነው?»

«የግራዝማች ድልነሳሁ ነዋ! እድሩን ያቋቋሙት፣ ነፍሳቸውን ይማርና።»

ምንትዋብ ገጹን በራሷ አዲስ ስልክ ከፈተችው። አዝራሯ ታች ቁጭ ብላለች፣ ቀይ፣ እንደ በርበሬ ዛላ። ወደ ዘርፌ ስልክ ተመለሰች፤ አዝራር የለችም። ሌላ መስኮት ላስገባበት ብላ ሞከረች፤ ስልኩ አርጅቷል፣ «ቦታ የለኝም» አለ። አዝራሯ መኖር ባለባት ቦታ ላይ ጣቷን አሳርፋ ተጫነች፤ ጺም ደግሞ ቢጫኑት ምን ይሰማል!

«አንቺ አዝራር፣ ውጪ እንጂ!» አለቻት።

«እንዴት ልውጣ?» አለች አዝራሯ። «ፎቶው ተኝቶብኛል።»

አዝራሯ አትታይም፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም።

«አንተ ፎቶ፣ ተነስላት!» አለችው ምንትዋብ።

«እኔ በፈቃዴ የተኛሁ መሰለሽ?» አለ ፎቶው። «ኮዱ ተኛ አለኝ፣ ተኛሁ።»

ፎቶው አዝራሯን አይለቅም፣ አዝራሯ አትታይም፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም። በሉ እንጂ አብራችሁ በሉ፣ አፋችሁን ለእንቅልፍ አታስለምዱት።

ኮድ ማለት ገጹ የሚታዘዝበት ጽሑፍ ነው። አንተ እዚህ ቁም፣ አንቺ እዚያ ተቀመጪ እያለ ገጹ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያስተናግድ፣ እንደ ሰርግ ቤት አጋፋሪ ያለ ነው።

«አንተ ኮድ፣ ፎቶውን አንሳልኝ!» አለችው።

«እኔ የተጻፍኩትን ነኝ» አለ ኮዱ። «የጻፈኝ ያንሳው።»

ኮዱ ፎቶውን አያነሳም፣ ፎቶው አዝራሯን አይለቅም፣ አዝራሯ አትታይም፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም።

ዘርፌ ይሄን ጊዜ ሰማዩን ቀና ብላ አየች። በምሥራቅ በኩል አንዲት ደመና፣ እንደ ነገረኛ ጎረቤት፣ ብቅ ብላ ትመለከታታለች። «ተነሽ ልጄ፣ ወደ ጻፊው!» አለች።

ኮዱን የጻፈው ኢዮስያስ ነበር፤ ከፎቶ ቤቱ ጎን ኮምፒውተር ይጠግናል። ምንትዋብን ሲያያት ከወንበሩ ሳይነሳ ሳቀ።

«መጣች ጠማማ ፈላጊዋ!»

«ጠማማ ባትሠራ ማን ይፈልግ ነበር?» አለችና የዘርፌን ስልክ አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። «ተመልከት። ጺም ብቻ።»

ኢዮስያስ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ። «በእኔ እኮ ቀጥ ያለ ነው! እይው፣ አዝራሯም አለች፣ ሁሉም አለ።»

«ታዲያ እድርተኛውን በሙሉ እዚህ ኮምፒውተርህ ፊት ልታሰልፈው ነው?»

ኢዮስያስ ራሱን አከከ። «እኔ ምን ላድርግ? የእድሩ ዳኛ ራሴ ላይ ቆመው ነው ያጻፉኝ። ‹ግራዝማች ከሁሉ በላይ ይሁኑ። ማንም እንዳይጫናቸው። ስፋታቸውም እንዳይነካ› አሉ። ጻፍኩት። አዲሶቹ ብራውዘሮች ነገር ይገባቸዋል፤ ጠጋ ጠጋ ብለው ለአዝራሯ ቦታ ሰጧት። አሮጌዎቹ ግን ‹ከሁሉ በላይ› ስላቸው የምሬን መሰላቸው።»

አያችሁልኝ? ሰውን እናክብር ብለው፣ በአዳራሽ እንደሚያደርጉት በገጹም ላይ ሽማግሌውን ከሰው ሁሉ በላይ አስቀመጧቸው። የአዳራሽ ሽማግሌ እኮ «ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» ቢሉት ጠጋ ይላል፤ ፎቶ ግን የት ያውቃል!

«እሺ፣ ፎቶውን ሳልነካ አዝራሯን ብቻ ላንሳት» አለ ኢዮስያስ። «ሰፈር የማያየው፣ ለመሞከሪያ የማስቀምጠው የገጹ ቅጂ አለኝ።» ጠቅ ጠቅ አደረገ። ምንትዋብ ከዘምቢሏ የዘርፌን የመሰለ አሮጌ ስልክ አውጥታ ቅጂውን ከፈተች። አዝራሯ ብቅ ብላለች! ዘርፌ እልል ልትል አፏን ከፈተች።

«ቆይ እትዬ» አለች ምንትዋብ። «በአንድ መስኮት አይቶ እልል አይባልም።» ቀጥላ በላስቲክ የታሰረውን ስልክ አወጣች። ከፈተችው። ሦስቱም ጎንበስ ብለው አዩ።

አዝራሯ፣ ያቺ ቀይ አዝራር፣ የግራዝማች አፍንጫ ጫፍ ላይ ጉብ ብላለች።

«የጠላት ጆሮ አይስማው!» አለች ዘርፌ። «ግራዝማች ቡግር አወጡ!»

ምንትዋብ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ኢዮስያስ ግን ፊቱ ነጣ። «አጥፊው! ዳኛው ይሄን ቢያዩ ከእድሩ ብቻ አይደለም፣ ከከተማው ነው የሚያስወጡኝ። ፎቶው ካልጠበበ መድኃኒት የለውም፤ እሱን ደግሞ ያለ ዳኛው ፈቃድ በጣቴ አልነካም።»

ኢዮስያስ ኮዱን አይነካም፣ ኮዱ ፎቶውን አያነሳም፣ ፎቶው አዝራሯን አይለቅም፣ አዝራሯ አትታይም፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም።

ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ አቶ ልሣነወርቅ ሄዱ። ዳኛው በረንዳቸው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው የቀረችውን ፀሐይ ይሞቃሉ። ምንትዋብ እጅ ነስታ ነገሩን አስረዳች። ገና «ፎቶው» ስትል ጋቢያቸውን አፈናጠሩት።

«ግራዝማች ይነሱ? ምን ስትይ ነው አንቺ ልጅ?»

«ይነሱ አላልኩም ዳኛዬ፤ ትንሽ ጠበብ ይበሉ ነው ያልኩት።»

«ሰውዬው በሕይወት እያሉ አንድ አግዳሚ ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት! ከሞቱ በኋላ ነው ጠበብ በሉ የሚባሉት?»

ዘርፌ ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ዳኛዬ» አለች፣ «እኔ በዚህ እድር ለስንቱ ሰርግ ሽንኩርት ከትፌ አልቅሻለሁ፣ ለስንቱ ለቅሶ ውኃ ቀድቻለሁ። ልጄ በሰፈሯ፣ በእድሯ ድንኳን ሥር መዳር አይገባትም? በዝናብ ነው የማስቀምጣት? አማቾቼ ከሩቅ አገር ሲመጡ ጃንጥላ ነው የማድላቸው?»

ዳኛው ጋቢያቸውን መልሰው ደረቡት። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ትንሽ ድምፃቸው ይቀድማቸዋል እንጂ።

«ዘርፌ፣ ሆዴ ጨክኖ አይደለም» አሉ። «እማማ በለጥሻቸው አሉብኝ። የግራዝማች ባለቤት። ገጹ ሲሠራ ‹ባሌን ከፍ አድርጉልኝ› ብለው ያስማሉኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው እሺ ሳይሉ ብፈቅድ፣ ነገ እናንተ ሌላ ዳኛ ፈልጉ።»

ዳኛው ፈቃድ አይሰጡም፣ ኢዮስያስ ኮዱን አይነካም፣ ኮዱ ፎቶውን አያነሳም፣ ፎቶው አዝራሯን አይለቅም፣ አዝራሯ አትታይም፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም። እፎይ! ትንፋሽ ያጠረው ይረፍ፣ ገና አላለቀም።

እማማ በለጥሻቸው ከቁልቁለቱ ታች ነበር ቤታቸው። ጀምበር ማዘቅዘቅ ጀምራለች። ዘርፌ አንድ ዓይኗን ከጀምበሯ፣ አንድ ዓይኗን ከደመናዋ ላይ አላነሳችም። እማማ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱ ሲገቡ ቆሎ በሳህን አቀረቡ።

«ብሉ። በባዶ አፍ የመጣ ነገር አልሰማም።»

ቆሎ ዘገኑ። ምንትዋብ እየፈራች፣ እየተባች፣ ነገሩን ተናገረች። እማማ በለጥሻቸው ሰሙና በራቸውን በጣታቸው አመለከቱ።

«ያን ጉበን ታዪዋለሽ? ግራዝማች ጎንበስ ብለው እንዳይገቡ ሲባል ወደ ላይ የተነሣ ነው። ለእሳቸው ቤት ነበር የሚፈርሰው። ዛሬ አንቺ መጥተሽ አሳንሳቸው ትይኛለሽ? በጭራሽ!»

እማማ በለጥሻቸው እሺ አይሉም፣ ዳኛው ፈቃድ አይሰጡም፣ ኢዮስያስ ኮዱን አይነካም፣ ኮዱ ፎቶውን አያነሳም፣ ፎቶው አዝራሯን አይለቅም፣ አዝራሯ አትታይም፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን አይከፍቱም፣ ድንኳኑ አይወጣም፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ የለውም።

ዘርፌ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። ምንትዋብ ግን ሥራዋ ማየት ነውና አየች። ከእማማ ትራስ አጠገብ፣ በመሐረብ ተጠቅልሎ፣ አንድ አሮጌ ስልክ ተቀምጧል።

«እማማ፣ ግራዝማችን በስልክዎ ያዩዋቸዋል?»

«በየማለዳው! ከጸሎቴ በኋላ እከፍታቸዋለሁ።»

«ምናቸው ይታያል?»

እማማ ቆሎውን ማኘክ ተዉ። «ጺማቸው» አሉ።

«ሌላስ?»

«አንዳንድ ቀን፣ ጣቴ ሲንቀጠቀጥ፣ አንድ ጆሯቸው ብቅ ይላል።»

ዘርፌ ሳቋ መጥቶ ነበር፤ መለሰችው።

«ፊታቸውን ማየት አይፈልጉም?»

«ማን ይጠላል ልጄ? ዳኛው ‹ከፍ ብለዋል እማማ› አለኝ። እኔም ከፍ ያለ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ከእንግዲህ የማየው ከጉንጫቸው በታች ነው ብዬ ተውኩት።»

ምንትዋብ ዘምቢሏን መደቡ ላይ ገለበጠችው። ስልኮቿን እንደ ሕጻን ልጆች ደረደረቻቸውና በሁሉም ገጹን ከፈተች። በአንዱ ጺም። በአንዱ ባርኔጣና ቅንድብ። በአንዱ አንድ ጆሮና ሰማይ። በአዲሱ ብቻ ፊታቸው ታየ፣ እሱም ከአንገት በላይ።

«በስመ አብ!» አሉ እማማ። «ባሌን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍላችኋቸዋል!»

ምንትዋብ ለኢዮስያስ ደወለች። «ያቺን የመሞከሪያ ቅጂ ክፈት። ፎቶውን በየስልኩ ልክ አሳንሰው። ሰፈር አያየውም፤ ለእማማ ብቻ ነው።»

«ዳኛው…»

«መሞከሪያው የአንተ ነው! ፍጠን፣ ጀምበር እየሄደች ነው።»

ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ምንትዋብ በየስልኩ ቅጂውን ከፈተች። አንድ በአንድ ግራዝማች ድልነሳሁ ብቅ አሉ። ትንሽ ናቸው፤ ግን ባርኔጣቸው አለ፣ ዓይናቸው አለ፣ ካባቸው አለ፣ ጫማቸው አለ። በላስቲክ በታሰረው ስልክም ያው፣ መስታወቱ በተሰነጠቀውም ያው። እየሳቁ ነበር። ከጎናቸው ደግሞ አንዲት ለግላጋ ሴት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ፣ የድንኳን ገመድ በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ ኋላ ተዘንብላ ቆማለች።

እማማ በለጥሻቸው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ መልሰው አስጠጉ።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ጣታቸውን ገመዱ ላይ አሳረፉ።

«የመጀመሪያው ድንኳን የተተከለ ለት ነው። ንፋስ መጣ፣ ወንዶቹ ገመዱን ለቀው ሮጡ። እኔ ያዝኩት። ድንኳኑ እኔን ይዞ ሊበር ምንም አልቀረው። ግራዝማች ይሄን አይተው ሲስቁ ፎቶ አንሺው ቀለበን። የት ነበረ ይሄ ፎቶ?»

«የእድሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ» አለች ዘርፌ።

«ጉልበቴ ከከዳኝ ወዲህ ያን ዳገት መቼ ወጥቼው!»

ኢዮስያስ ስልኩን አልዘጋም ነበር። «ሴትየዋን እኔ በትልቁ ኮምፒውተሬ ሁልጊዜ አያታለሁ» አለ ከወዲያ።

እማማ ስልኩን ከምንትዋብ እጅ ነጠቁ። «ሁልጊዜ ታየኛለህ? ታዲያ ይቺ ሴት ማናት ብለህ አትጠይቅም ነበር? አንተ የማን ልጅ ነህ?» ከዚያ ወደ ምንትዋብ ዞሩ። «በዚህች ፎቶ ላይ ከእሳቸው ጎን ቆሜ ሳለ በየማለዳው ጺም ሲያሳዩኝ ኖሩ! ግማሽ ሆነው ከሚገዝፉ፣ ሙሉ ሆነው ጠበብ ይበሉ። ንገሪው ለዳኛው፤ እሺ ብያለሁ። ደግሞ እኔን የሚቆርጥ መስኮት እንዳላይ!»

ዘርፌ ይሄን ስትሰማ ለዳኛው ደወለችና ስልኩን ለእማማ ሰጠቻቸው። እማማ ለዳኛው ተናገሩ፤ ዳኛው «አቤት፣ አቤት እማማ» ብቻ ነበር የሚሉት። ዳኛው ለኢዮስያስ ደወሉ። ኢዮስያስ በእውነተኛው ገጽ ላይ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ጀምበር የተራራውን ጫፍ ነክታለች።

«መጣች! አዝራሯ መጣች!» ብላ ዘርፌ ጣቷን ሰነዘረች።

«ቆይ!» አለች ምንትዋብ።

«ምን ቆይ አለ? ጀምበሯን ንገሪያት ቆይ!»

ምንትዋብ ግን በየስልኩ ዓይኗን አሮጠች። በዚህ አለች። በዚህ አለች። አፍንጫ ላይ አይደለችም። ጆሮ ላይ አይደለችም። «ተጫኚ!»

ዘርፌ ተጫነች። ስልኩ ዝም አለ። ጣቷ በላብ ርሶ ስልኩ አልሰማት ብሏል! ነጠላዋ ላይ ጠረገችው፣ እማማ በመሐረባቸው ደግመው ጠረጉላት፣ ተጫነች። ከዳገቱ ላይ፣ ከመጋዘኑ በኩል፣ የጋሽ ድንቁ ስልክ እንደ ንጋት ዶሮ ሲጮህ እስከ ቁልቁለቱ ተሰማ።

በሉ እንግዲህ፣ አሁን አብረን፣ ሳንተነፍስ! እማማ በለጥሻቸው እሺ አሉ፣ ዳኛው ፈቃድ ሰጡ፣ ኢዮስያስ ኮዱን ነካ፣ ኮዱ ፎቶውን አነሳ፣ ፎቶው አዝራሯን ለቀቀ፣ አዝራሯ ታየች፣ ጋሽ ድንቁ መጋዘኑን ከፈቱ፣ ድንኳኑ ወጣ፣ የዘርፌ ሰርግ ጥላ አገኘ!

በማግሥቱ ጎረምሶቹ ድንኳኑን በዘርፌ ግቢ ተከሉት። እማማ በለጥሻቸው ሁለት ሰው ደግፏቸው ዳገቱን ወጡ፤ ከምግቡም ከመጠጡም በፊት ገመድ ስጡኝ አሉ። ሰጧቸው። አልጎተቱም፣ ያዙ ብቻ፤ የመጨረሻው ካስማ እስኪመታ ድረስ ማንም ሊቀበላቸው አልደፈረም።

እሑድ ለት ያቺ ነገረኛ ደመና ዘመዶቿን ሁሉ አስከትላ መጣች። ዝናቡ ወረደ፣ ድንኳኑ አላስገባውም፣ ጽጌ አልራሰችም፣ አማቾቹ ጃንጥላ አልጠየቁም። ዘፈኑ ደምቆ ስለነበር መዝነቡን ያወቁት ዘግይተው የመጡት ብቻ ናቸው።

እኔም ተረቴን ነቀልኩ፣ ካስማዬን ሰበሰብኩ። ተረቴን ለጎረቤት አውሱ፣ የደከመ አፌን በሰርጉ ድፎ ካሱ።